እማሆይ አፍንጫቸውን አልያዙም

ሥላሴ ይመስገን! ዛሬ ጫማ አድርጌ ቅዳሴ ሄድሁ። ለሌላው ምን ይደንቃል? እኔ ግን እልል ልበል።

ያደግሁት ደምበጫ አካባቢ፣ ገጠር ነው። አፈራችን ቀይ ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረግጡት ደቃቁ በቆዳ እየገባ አንዳንዱን ሰው ዝሆኔ፣ እግር የሚያሳብጠውን በሽታ፣ ያሲዘዋል። እኔንም ያዘኝ። ያኔ ይህን ማን ነግሮን! እርግማን ነው ይባል ነበር። «ሎሚ ተረከዝ» እየተባለ በሚዘፈንበት አገር እግሯ ያበጠ ልጃገረድ ምን እንደሚደርስባት ሴቶች ታውቁታላችሁ። እጮኛዬ ቀረ። (ወልዶ ከብዷል፤ ያሳድግለት።)

ግሽ ዓባይ ጠበል ወርጄ ከመጸለይ ይልቅ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል ያልኸው የት አለ? እኔን የሚያየኝ ሁሉ እግሬን ነው!» አልሁት። ዝም አለኝ። እኔም አኮረፍሁት።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ፍልሰታ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። ቀጥሎ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ብሽሽቴ አበጠ፣ እግሬ እንደ እሳት ነደደ፣ ውኃ ያዥ ጀመር። ሽታው ለራሴም ከበደኝ። የወንድሜ ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወጣች። አልፈርድባትም፤ ይተላለፋል ብላ ነው። ጨለማው ውስጥ ብቻዬን «በቃ ውሰደኝ» አልሁ። ማርያምን እንኳ መጥራት አቃተኝ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማሆይ ናቸው፤ ከሰዓታት ጸሎት ሲመለሱ ማቃሰቴን ሰምተው። ነጠላቸው ርሷል። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ አፍንጫቸውን እስኪይዙ ጠበቅሁ፤ ሰው ሁሉ ይይዛላ። አልያዙም! ውኃ ለብ አደረጉ፣ ሳሙና አመጡ፣ ተንበረከኩ። እግሬን ስሸሽግ «ጴጥሮስም እምቢ ብሎ ነበር፤ ዝም በይ የኔ ዓለም» አሉኝ። ውዳሴ ማርያም እየደገሙ በጣቶቼ መካከል ሁሉ አጠቡኝ። ጥርሳቸው ረግፏል፣ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። እንደሳቸው ያለ ቆንጆ ግን እስከዛሬ አላየሁም። እስኪነጋ ከጎኔ አልተነሡም።

ጠዋት የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ፣ በዚያ ጭቃ፣ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ጉልበታችሁን ይባርከው! መድኃኒት ተሰጠኝ። ነርሷም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፦ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከጫማ አለመለየት። ለእሷም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ወራት አለፉ። እብጠቱ ፈጽሞ ባይጠፋም ጎደለ። ሽታው ጠፋ፣ ሕመሙም አልተመለሰም። የወንድሜ ልጆች አሁን ጭኔ ላይ ይተኛሉ።

እማሆይን ልጻፍዎ ወይ ብላቸው ተቆጡኝ። «እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ሳሙናውን ጻፊ!»

ይኸው ጻፍሁ። እሳቸውንም ጨመርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።