«አምኔዥያ»ን ያለ ሰይፍ እንዴት ጨረስኩት

የድሮ ጌም የምወደው ወድጄ ብቻ አይደለም። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው። አዲስ ጌም ሲጫንበት ማራገቢያው ጎረቤት ይቀሰቅሳል። «አምኔዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሰንት» ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ስለሆነ አላስቸገረኝም። የሠራው ፍሪክሽናል ጌምስ የሚባል የስዊድን ድርጅት ነው።

ታሪኩ የሚሆንበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1839 ነው። ዳንኤል የሚባል እንግሊዛዊ ፕሩሺያ በምትባል የድሮ የአውሮፓ አገር ውስጥ ባለ አሮጌ ግንብ ይነቃል። ከስሙ በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ለራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ያገኛል፦ ትውስታህን ያጠፋኸው አንተው ነህ፣ ወርደህ የግንቡን ጌታ አሌክሳንደርን ግደለው ይላል። በምን? ሰይፍ የለ፣ ሽጉጥ የለ። ጭራቅ ሲመጣ መሮጥ ወይም መደበቅ ነው።

ጌሙ ገና ሲከፈት «ለማሸነፍ ብላችሁ አትጫወቱ» ይላል። እኔ ይህን የምር ወሰድኩት። ስለዚህ ትልቁ ሥራዬ የብርሃን ቁጠባ ሆነ። ዳንኤል ጨለማ ውስጥ ከቆየ አእምሮው ይናወጣል፤ ስክሪኑ ይወላገዳል። ብርሃን ላይ ከቆመ ደግሞ ጭራቁ ያየዋል። ዘይት ውድ ስለሆነ ኮሪደር ላይ ፋኖሱን አጠፋለሁ። እሳት መጫሪያውን ደብዳቤ ለማነብበት ክፍል አስቀምጣለሁ። ጭራቁን አፍጥጦ ማየትም ያሳብዳል፤ ጥግ ይዞ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር ይሻላል። እንቆቅልሽ ሲፈታ ደግሞ ዳንኤል ይረጋጋል። ስለዚህ ፈርቶ ከመቆም ወደፊት መግፋት ያዋጣል።

እንቆቅልሹን ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የሠራነው። መንገድ የዘጋውን ሥጋ መሳይ ነገር የሚያሟሟ አሲድ ለመቀመም አራት ነገር ያስፈልጋል፦ ኩፕራይት፣ ኦርፒመንት፣ ካላሚንና አኳ ሬጂያ። እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ እኔ እፈልጋለሁ። ደብተር መያዝ በጣም ይጠቅማል። ደብዳቤዎቹን ዘሎ የሚያልፍ ሰው ግን ጌሙን ባይጀምረው ይሻላል።

በር የሚከፈተው ማውሱን ተጭኖ በመጎተት ነው። ቀስ ብለህ ገርበብ አድርገህ ማጮለቅ ትችላለህ። ስትሸሽ ግን እጅ ይንቀጠቀጥና በሩን ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ትገፋዋለህ። «ዝጋው እንጂ አንተ!» ትላለች እህቴ፣ ለእሷ ቀላል ነው።

ከሁሉም የከፋው ውሃ የሞላበት ምድር ቤት ነው። እዚያ ያለው ጭራቅ አይታይም፤ ውሃው ሲረጭ ብቻ ነው መምጣቱን የምታውቀው። መላው ከሳጥን ሳጥን መዝለል ነው። ሳጥን ሲያልቅ ደግሞ ያገኘኸውን የሥጋ ቁራጭ ራቅ አድርገህ ትወረውራለህ። እሱ ወደዚያ ሲሮጥ አንተ ወደ በሩ ትሮጣለህ። መሃል ላይ ዞር ብሎ ማየት የለም።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ማታ ሜዳው ላይ ጅብ ሲጮህ ድምፁ ከጌሙ ይሁን ከውጭ ለመለየት ኢርፎኔን እነቅል ነበር። በኢርፎን መጫወት ግን ግዴታ ነው፤ ጭራቁን ከማየትህ በፊት የምትሰማው በጆሮህ ነው።

አጨራረሱ ሦስት ዓይነት ነው። የትኛው እንደሚደርስህ መጨረሻው ክፍል ውስጥ በምታደርገው ይወሰናል፤ ምንም አለማድረግም አንዱ ምርጫ ነው። እኔ አሌክሳንደርን ያስቆምኩበትን መረጥኩ። እህቴ ዳንኤል ትውስታውን ከማጥፋቱ በፊት ከሠራው ግፍ በኋላ በሰላም መውጣቱ አልተዋጠላትም፤ እስካሁን እንከራከራለን።