የአያት ኑዛዜ ፍለጋ፦ ከአባይ ወዲህ ነው ወይስ ማዶ?

የቤተሰብ ውርስ ከአሮጌ ወረቀት የሚፈልግ የባሕር ዳር ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሟቹ የት ይኖር እንደነበር ነው። ዛሬ ዘጌም ደራም በአንድ ክልል ናቸው። በንጉሡ ዘመን ግን ከአባይ ወዲህ ያሉት ዘጌና ባሕር ዳር ለጎጃም፣ ማዶ ያሉት ደራና ፎገራ ለበጌምድር ነበሩ፤ የዘጌው ይግባኝ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የደራው ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። ባሕር ዳር ላይ «የለም» ቢሏችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። የሥር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ባይገኝ እንኳ የይግባኙ ፍርድ ክርክሩን ጠቅልሎ ስለሚይዝ እሱን ፈልጉ።

ብዙ ወራሾች ኑዛዜውን ብቻ ያሳድዳሉ። እኔ የርስት ሙግቱን አስቀድሙ እላለሁ። ኑዛዜ «ለልጄ ለእገሌ» ብሎ ያልፋል። በሙግት ግን ከሳሽ በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው) ድረስ ትውልዱን ይቆጥራል፣ ተከሳሽም የራሱን ቆጠራ ያቀርባል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የሚስማሙበት ስም የሚታመን ነው፣ የሚለያዩበት ላይ ደግሞ የምስክሮችን ቃል አንብቡ። የአያት ስም ካልተገኘ በወንድሞቹና በእህቶቹ ባሎች ስም አስፈልጉ፤ ባል ስለ ሚስቱ ይሟገት ነበርና።

የቆየ ኑዛዜ በንስሐ አባት ፊት ስለሚደረግ አንዳንዴ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ወይም ባዶ ቅጠል ላይ ነው። መጨረሻው «ያፈረሰ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን» ዓይነት ግዝት ነው። እዚያ የክርስትና ስም እንጂ የዓለም ስም ላይጻፍ ይችላል፤ «ወለተ ማርያም» ማን እንደሆነች ሳታረጋግጡ አትሂዱ። ወደ ጣና ደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማትገባ ወንድ ዘመድ ላኩ።

ቁጥሩ ላይ ተጠንቀቁ። ፮ እና ፯ ቀለሙ ሲደበዝዝ አንድ ይመስላሉ። ማረሚያው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የዘመኑ ወንጌላዊ ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1942 ላይ 7442 ይሆናል፣ 2 ይተርፋል፤ «ዘመነ ሉቃስ» የሚል ወረቀት ከሆነ ዓመቱ በስህተት ተነቧል ማለት ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ ወዲህ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበቡን፣ ቀኑንም ራሱ ወረቀቱ መግለጽ አለበት (ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ (ውል የሚያረጋግጥ ሹም) ከሆነ 2 ይበቃሉ)። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ፊርማው ሁሉ ሞልቶ «ተነበበ» የሚለው ቃል ይቀራል። ተናዛዡ በገዛ እጁ የጻፈውም በ7 ዓመት ውስጥ ለአዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ዋጋ የለውም።

የርስት መሬት የሚያወርስ ወረቀት ትውልድ ለመቁጠር እንጂ መሬቱን ለመጠየቅ አይሆንም፤ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሆኗል። የዛሬው የይዞታ ውርስ በይዞታ ደብተርና በክልሉ የመሬት ሕግ ይታያል። ለቤትና ለሌላ ንብረት ግን ጊዜ አታባክኑ፦ ወራሽነቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቃችሁ ጀምሮ 3 ዓመት ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ቀኑን ቀድማችሁ ቁጠሩ፣ ግልባጩንም በመዝገብ ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ አድርጋችሁ አውጡ።