ከእንጆሪ ግንድ እባጭ ተርብ እንዴት እንዳስፈለፈልኩ

በሲያትል ዙሪያ በጫካ ዳርና በጓሮ አጥር ሥር ቲምብልቤሪ የሚባል የእንጆሪ ዘመድ በብዛት ይበቅላል። እሾህ የለውም፤ ቅጠሉ ከመዳፍ የሰፋና ለስላሳ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ቀይ ነው። በልጅነቴ እጄን እየቧጨረኝ ከቁጥቋጦ የለቀምኩት የደጋ እንጆሪና ይህ እሾህ አልባ ተክል ሁለቱም ሩበስ ከሚባለው ወገን መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ የጥቅምት ቀን በወዳጄ ጓሮ ስዘዋወር አንዳንዶቹ ግንዶች መሐላቸው ላይ አውራ ጣት አክለው አብጠው አየሁ። የወዳጄ እናት ቀድመውኝ አይተውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ይህስ ታሟል፤ ቆርጠህ ጣልልኝ» አሉኝ። ቆረጥኩት፤ መጣል ግን አልሆነልኝም።

እባጩን የሚያሠራው ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ዲያስትሮፈስ ከሚባል ወገን የሚመደብ ተርብ ነው። ወገኑን እ.ኤ.አ. በ1840 የሰየመው ጀርመናዊው ሃርቲግ ነው። በአውሮፓ ዲያስትሮፈስ ሩቢ፣ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ዲያስትሮፈስ ኔቡሎሰስ በእሾሃማ እንጆሪዎች ላይ ሲኖሩ፣ በእኛ በኩል ቲምብልቤሪን የያዘው ዲያስትሮፈስ ኪንኬዲ ነው፤ ይህ ስም በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩትን የሥነ እንስሳት ሊቅ ትሬቨር ኪንኬድን ያስታውሳል። እናቲቱ በጸደይ ገና ባቆጠቆጠ ለጋ ቀንበጥ ውስጥ እንቁላሎቿን ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱ ያብጥና ለእያንዳንዱ ትል የተለየ ክፍል ያበጅለታል። ትሎቹ ብርዱን እዚያው ውስጥ አሳልፈው በቀጣዩ ጸደይ ክንፍ ካወጡ በኋላ ግድግዳውን በመንጋጋቸው ቦርቡረው ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ሙከራዬ ከሸፈ። የቆረጥኳቸውን እባጮች ከፊሎቹን ክዳኑ በጠበቀ የመስታወት ማሰሮ፣ ከፊሎቹን በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። የታሸጉት ሻገቱ፤ በሞቀው ቤት ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ እንጨታቸው እንደ ማገዶ ደረቀና ትሎቹም አብረው ደረቁ። ይህን ያወቅሁት አንዱን በምላጭ ለሁለት ስሰነጥቀው ነበር። ውስጡ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ክብ ክፍሎች በዙሪያው ተደርድረውበታል፤ በእያንዳንዱም አንድ እግር የለሽ ትል ተጠቅልሎ ደርቋል። በጣም የገረመኝ የክፍሎቹ ንጽሕና ነበር። ትሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ ኖሮ፣ ዕድገቱን እስኪጨርስ ድረስ ከሆዱ ምንም ስለማያወጣ ማደሪያውን አያቆሽሽም።

በሁለተኛው ዓመት ተፈጥሮ ብርዱን ራሷ እንድትሰጣቸው እባጮቹን እስከ የካቲት ማብቂያ ግንዱ ላይ ተውኳቸው። ከመቁረጤ በፊትም አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ፤ ምክንያቱም ያለፈው ዓመት ባዶ እባጭም ሳይወድቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ በላዩ ላይ የመውጫ ቀዳዳ ካለ መቁረጡ ከንቱ ድካም ነው። ማሰሮውን በክዳን ፈንታ ጥልፍልፉ በደቀቀ ስስ ሻሽ አስሬ ከቤት ውጭ ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር አኖርኩት። በሚያዝያ ተርቦቹ መውጣት ጀመሩ፤ ደስታዬ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ግራ መጋባት ተለወጠ። አንዳንዶቹ ጥቁርና ጀርባቸው የጎበጠ፣ ሆዳቸው የሚያብረቀርቅ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን እንደ ብረት የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ቀለምና ከኋላ እንደ ፀጉር የቀጠነ ረጅም መውጊያ ነበራቸው።

አረንጓዴዎቹ ቶሪመስ የሚባሉ ናቸው። እናቲቱ በዚያ መውጊያዋ የእባጩን ግድግዳ ወግታ እንቁላሏን ታስገባለች፤ ልጇም የባለቤቱን ትል ይበላል። ከጥቁሮቹም መካከል ሁሉም ዲያስትሮፈስ አልነበሩም፤ ሲኖፍሮሞርፋ የሚባለውና እባጭ መሥራት የማይችለው ዘመዱ ሌላው ባሠራው ቤት ገብቶ ስለሚያድግ፣ ሁለቱን ለመለየት ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ማሰሮ ማጎሬ ያስከፈለኝን ዋጋ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ የትኛው ከየትኛው እባጭ እንደወጣ ማወቂያ መንገድ አልነበረኝም። ከእባጭ የወጣውን ሁሉ የእባጩ ሠሪ አድርጎ የሚመዘግብ ሰው መዝገቡ ምንም ቢረዝም ስሕተት ነው።

በሦስተኛው ዓመት 12 እባጮችን በ12 ትናንሽ ማሰሮዎች ለየኋቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር፣ የተቆረጠበትን ቀንና ቦታ ጻፍኩ፤ ተርቦቹ ሲወጡም ቀኑን መዘገብኩ። ለማስረጃ የያዝኳቸውን በ70 በመቶ አልኮል ውስጥ ሳስቀምጥ የወረቀት መለያውን በእርሳስ ጻፍኩት፤ በስክሪብቶ የጻፍኩትን የቀድሞውን መለያ አልኮሉ አጥቦት ነበርና። ከአንዳንዱ ማሰሮ ጥቁሮች ብቻ፣ ከአንዱ አረንጓዴዎች ብቻ ወጡ፤ በሌሎቹ ተቀላቅለው ተገኙ።

አንድ ጠዋት በ7ኛው ማሰሮ እባጭ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አየሁ። ከውስጥ የእንጨት ብናኝ ይወጣል፤ ቆይቶ የአንቴና ጫፍ ታየ፤ ጭንቅላቷ ግን ገና አላለፈም። ወደ ኋላ ተመልሳ ጠርዙን እንደገና ትቦረቡራለች፣ ትሞክራለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ከወጣች በኋላ ሻሹን ፈትቼ ማሰሮውን በወዳጄ ጓሮ ከቲምብልቤሪው ሥር አስቀመጥኩት። የወዳጄ እናትም ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይህቺ ናት እንግዲህ ያሳበጠችው?» አሉኝ። ተርቧ ግን በለጋው ቀንበጥ ላይ ወጥታ አንቴናዎቿን እያፈራረቀች ልጡን መታ መታ ማድረግ ጀምራ ነበር።