የተቀዳው ስህተቴ፦ የትንሣኤ መልእክት

የተወደዳችሁ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት ጾማችሁ ለዛሬው ፍስክ የደረሳችሁም ሆነ በዓሉን ከጎረቤት ጋር የምታከብሩ ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህኑ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ቆሜ ሳይ፣ ስለ ትሕትና ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይልቅ ያ መጎንበስ ልቤን ነካው። የንግድን ወሬ ከዚህ ሥርዓት አጠገብ ማንሣት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ሐሳቡ ወደ ቡድናችን መለሰኝና ዓመቱን ሙሉ ያልነገርኋችሁን አንድ ነገር ልነግራችሁ ወደድሁ።

እንደምታውቁት እዚህ ሜሪላንድ እኔና ስድስት ባልደረቦቼ፣ ከቋሚ ሥራችን ጎን ለጎን፣ የሞከርነውን ዕቃ በሊንክ እያስተዋወቅን ሰው ሲገዛ ኮሚሽን እናገኛለን። አገር ቤት ያሉ ዘመዶች «ሰው አስገብቶ ከሰው መብላት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ አይደለም፣ ሰው በማስገባት የሚከፈል ሳንቲም የለም። ቋሚ ገቢ ነው ብዬም አልሰብክም፤ ይህን ሥራ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሠራው አማዞን በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የቤት ዕቃዎችን ኮሚሽን ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ ሲያወርድ፣ በዚያ ብቻ የተመኩ ብዙዎች ሌላ መተዳደሪያ ለመፈለግ ተገደዋል።

ለቡድኑ ዘወትር እሑድ ማታ የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር «ያልተጠቀማችሁበትን አታሞግሱ» የሚል ነበር። ይሁንና ባለፈው ዓመት በሕማማት ሰሞን፣ ገበያው ሳያመልጠኝ ብዬ፣ እጄ ነክቶት የማያውቅን የቅመም መፍጫ «በቤቴ የምጠቀምበት፣ እጅግ አራኪ» ብዬ ለጠፍሁ። «አርኪ» ለማለት ነበር፤ ጣቴ ስቶ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከስድስቱ አራቱ ያንኑ ጽሑፍ በየራሳቸው ሊንክ አወጡት፣ «አራኪ» የሚለውን እንኳ ሳያርሙ። በቀዳም ስዑር ማታ አንዲት ገዢ ኮረሪማ ስትፈጭበት ሞተሩ ጨሶ እንደቆመና የበዓሉ ሥራዋ እንደተስተጓጎለ ጻፈችልኝ። አራቱን ሰብስቤ «ምን ብዬ ነበር ያስተማርኋችሁ?» ስል፣ ከሁሉ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ እርስዎ አድርገውት አይተን ነው እኮ» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ጽሑፉን ከማንሣቴ በፊት አለመሞከሬን በግልጽ ጽፌ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እነርሱም ሳላዝዛቸው እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የእሑዱ ትምህርት ቀርቶ፣ ሥራውን ስሠራ አጠገቤ ተቀምጠው ያያሉ። ኖርዌጂያን አሜሪካውያን ለቂጣቸው የሚጠቀሙበትንና የእኛ ሰው እንጀራ የሚጋግርበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማስተዋወቄ በፊት ሦስት ሳምንት ጋገርሁበት፤ ዓይን ያላወጡትን የመጀመሪያዎቹን እንጀራዎችም ከቪዲዮው አልቆረጥሁም። «በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ኮሚሽን ይከፈለኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የአገሩ ደንብ ስለሚያስገድድ ብቻ ሳይሆን ሰው ከመጫኑ በፊት ሊያውቀው ስለሚገባ ከላይ ይቀመጣል። የወሩን ሪፖርት ስከፍት የተሸጠውን ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ኮሚሽኑ የተሰረዘብኝንም ያያሉ፤ ምጣዱን ያለ ራሴ ሊንክ ለቤቴ የገዛሁበትን ደረሰኝም አሳይቻቸዋለሁ፣ ምክንያቱም በራስ ሊንክ ለራስ መግዛት ክልክል ነው፤ «ማን ያየኛል» የሚለው ፈተና ደግሞ ሁላችንንም ይጎበኘናል።

ከሁሉ ያስደነቀችኝ ግን በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው እህታችን ናት። እንደ ሌሎቹ ስለ ምጣድ አልጻፈችም። ረጅም ፈረቃ ቆማ የምትውልበትን ጫማ ሦስት ሳምንት ተጫምታ፣ ምቾቱን ከመሰከረች በኋላ «እግራችሁ ሰፊ ከሆነ ግን አትግዙት» ብላ ጨመረች። ከእኔ የወሰደችው ሦስቱን ሳምንት ብቻ ነው፤ ቃሉም ዕቃውም የራሷ ነው። «አትግዙት» የሚለውን ለመጻፍ እኔ እስካሁን አልደፈርሁም፤ ገዢ እንዳይሸሽ እሰጋ ነበር። እርሷ ግን በዚያው ቃል የተነሣ ሰፊ እግር ያላቸው የሥራ ባልደረቦቿ ሌላ ጫማ እንድትመርጥላቸው ይጠይቋት ጀመር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስንሰበሰብ ሪፖርቱን የምትከፍተው እርሷ ናት፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ። የቅመም መፍጫው የተቃጠለባት እኅታችንም ይህን እያነበበች ከሆነ፣ ዘንድሮ ዶሮው በሰላም እንዲወጣላት እመኛለሁ። መልካም በዓል።