የማህፀን ሐኪም ስፈልግ፣ ፌስታሌን ጠረጴዛው ላይ የዘረገፍኩበት ቀን

የወር አበባዬ 9 ቀን መቆየት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ሞዴስ በየሰዓቱ እቀይራለሁ፤ ሥራ ቦታ ጥቁር ቀሚስ ብቻ እለብሳለሁ። 36 ዓመቴ ነበርና «ዕድሜ ነው» እያልኩ አለፍኩት። ከአራት ኪሎ ወርጄ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ የሚወጣውን ዳገት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሮጥኩ የወጣሁትን፣ ሦስት ጊዜ ቆሜ ካልተነፈስኩ መጨረስ ሲያቅተኝ ነው የደነገጥኩት።

እናቴ «ማህፀንሽን ብርድ መቶት ነው» አለችኝ። ከሾላ ገበያ ወይባ ገዝታ መጣች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ በሯን ዘግተን፣ ጋቢ ተከናንቤ ጢሱ ላይ እቀመጣለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ማታ የተልባ ውኃ። አንድ ባህል ሐኪም የሰጡኝ ቡናማ ዱቄትም ነበር፤ ምንነቱን አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ስታጠን ገላዬ ይፍታታል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። እናቴ እግሬን እያሸች የምታወራኝን ወሬ ዛሬም እወደዋለሁ። ደሙ ግን አልቀነሰም።

የመጀመሪያውን ሐኪም የመረጥኩት በታፔላው ነው። ታክሲ ላይ ሆኜ ያየሁት ትልቅ ታፔላ፣ «የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት» ይላል። አልትራሳውንድ አነሳኝ፣ «ማዮማ፣ የማህፀን ዕጢ አለሽ» አለኝ፣ ቀጥሎም «ማህፀኑ ቢወጣ ትገላገያለሽ» አለኝ። ስንት ልጅ እንዳለኝ አልጠየቀኝም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ሌላም እፈልጋለሁ። ከመግባቴ እስከ መውጣቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ትሁት ነበረች፤ ግን እየመረመረችኝ ሳለ በሩ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። አንዴ ካርድ ሊያቀብሉ፣ አንዴ ፊርማ ሊያስፈርሙ፤ ሦስተኛው ለምን እንደሆነ አላውቅም። መጋረጃ የለም። ከዚያ በኋላ ልጠይቃት ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት።

በዚህ ጊዜ ነው አካሄዴን የቀየርኩት። ሰፈራችን አንዲት አዋላጅ ነርስ አለች። «ጎበዝ ሐኪም ማነው?» ብያት ቢሆን ኖሮ አምስት ስም ትደረድርልኝ ነበር። «አንቺ ብታመሚ ለማን ትታያለሽ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አንድ ስም ብቻ ነገረችኝ። ለአዲስ አበባ ሴቶች የምመክረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሐኪሙ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ምጥ ሲጠና፣ ደም ሲፈስ፣ እናት ስትጮህ ምን እንደሚመስል አብረውት ያደሩት አዋላጆች ያውቁታል።

ቀጠሮ ሳልይዝ በፊት ሁለት ነገር አጣራሁ። አንደኛ፣ የክሊኒኩ የብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን። ሁለተኛ፣ አዋላጇ የነገረችኝ ሐኪም በእርግጥ ስፔሻሊስት መሆኗን። በአገራችን ጠቅላላ ሐኪም የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ለመባል ከሕክምና ዲግሪው በኋላ የ4 ዓመት ሥልጠና ይጠብቀዋል። ካርድ ክፍል ስጠይቅ ማንም አልተቆጣኝም፤ ፈርቼ የነበረው በከንቱ ነው።

ይቺ ሐኪም መጀመሪያ ያየችው አልትራሳውንዱን ሳይሆን እኔን ነው። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ መዳፌን አየች፤ «ደም ማነስ አለብሽ» አለችኝ። ምርመራው ሲመጣ ሄሞግሎቢኔ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፣ 8.1 ነበር። እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12 እንደ መነሻ ይወሰዳል፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ መነሻው ከዚያም ከፍ ይላል። ማዮማው ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ለደም መብዛት ከመጠኑ ይልቅ ያለበት ቦታ እንደሚወስን፣ ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ የተጠጋ ትንሽ ማዮማ ከውጭ ካለው ትልቅ ይልቅ ሊያደማ እንደሚችል ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። አብዛኛው ማዮማ ካንሰር እንዳልሆነም ነገረችኝ። በዚያች ደቂቃ ከትከሻዬ ላይ የወረደውን ሸክም እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ። «ቤት ውስጥ የምትወስጂው ነገር አለ?»

«ምንም» አልኩ። ዋሸሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነው። የተማረ ሰው ፊት ወይባ ማለት ያሳፍረኝ ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ አየችኝና «እኔም እናት አለችኝ። በሚቀጥለው ስትመጪ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ይዤ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፤ ክፍሉ በጥቁር አዝሙድ ሽታ ታወደ። አንድ በአንድ እያነሳች ለየችልኝ። ተልባውን «ጠጪው፤ ያዘዝኩልሽ የብረት ክኒን ሆድ ያደርቃል፣ ተልባ ያለሰልሰዋል። ግን ውኃ አብዢበት፣ ከክኒኑም በሁለት ሰዓት አራርቂው» አለች። አብሹን በምግብ መጠን ፈቀደችው፤ እርግዝና ካሰብኩ ግን አስቀድሜ እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ። ጤና አዳሙን «ቡና ላይ ቅጠል ጣል ማድረግ ሌላ፣ አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ» አለችኝ፤ በብዛት ሲወሰድ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላልና እርጉዝ ሴት ልትርቀው ይገባል። ያን ቡናማ ዱቄት አሸተተችና «ምን እንደሆነ አንቺ ካላወቅሽ እኔም አላውቅም። ይህን ዛሬ አቁሚው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ወይባው ላይ ብዙ ቆየን። ገላን ማፍታታቱን አልካደችም። ያሳሰባት የተዘጋው በር ነው። ከፍሙና ከጢሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ደሙ ላነሰው ሰው ደግሞ ያቺው ያለችውም ኦክስጅን ትወሰድበታለች። ከታጠንኩ በኋላ የሚይዘኝን ራስ ምታትና የሚወስደኝን እንቅልፍ አስታወስኩ። እኛ «መድኃኒቱ ሲሠራ ነው» እንል ነበር! ደሜ እስኪተካ አቆምኩ። አሁን ቅዳሜ ማታ እናቴ በሞቀ ውኃ እግሬን ታጥበኛለች፤ ወሬው እንደዱሮው ነው።

ለውጥ ያመጣው ትልቁ ነገር ግን ቡናው ነው። የብረት ክኒኔን የምውጠው ከቁርስ በኋላ፣ አቦሉ ሲቀዳ ነበር። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። እኛ ቤት ደግሞ አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ የለም፤ ቶናና በረካ አለ። አሁን ክኒኔን እንደነቃሁ በብርቱካን ጭማቂ እወስዳለሁ፣ ቡናው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። እንጀራውን በተመለከተ እናቴ አሸነፈች። ሊጡ በደንብ ሲቦካ በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ እንደሚወስደው ሐኪሟ ስትነግራት «እኔ ሦስት ቀን ሳይሞላው አልጋግርም» ብላ ቀና አለች።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። «መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» አሉኝ። 55ቱን ቀን ምስርና ጎመን ሎሚ እየጨመቅኩበት በላሁ። ጸበሌንም ክኒኔንም አልተውኩም፤ አንዱ ሌላውን ተይ አላለኝም።

ሐኪሟ የሰጠችኝ ሌላው ሥራ ቀን መመዝገብ ነው። ደሙ የመጣበትን፣ የበረታበትንና የቆመበትን ቀን ግድግዳዬ ላይ ባለው የአገራችን ቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ አከብባለሁ። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ መቁጠሩ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መዝለል ብቻ ነው የሚያሳስተው፣ እኔም አንዴ ተሳስቻለሁ። የደም መብዛትን የሚቀንስ ክኒንም በሚበረታባቸው ቀናት ብቻ እወስዳለሁ። በሦስተኛው ወር ሄሞግሎቢኔ 11.6 ሆነ፤ ደሙም ወደ 6 ቀን ወረደ። ማዮማው አለ። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ማህፀኑን ትቶ ማዮማውን ብቻ ማውጣት እንደሚቻል ስለማውቅ በየስድስት ወሩ ስታይ አልንቀጠቀጥም።

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ያሠራሁት በእሷ ግፊት ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው ነው፤ የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ ቀብተው በዓይን ያዩታል። ደቂቃዎች ነው የፈጀው። 36 ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረኝም።

ባለፈው ወር እናቴ ለቁጥጥር አብራኝ ሄደች። እሷን ለወሬ ነበር የወሰድኳት። ሐኪሟ «እርስዎስ እናቴ፣ ደህና ነዎት?» ስትላት እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና መሬት መሬት አየች። ከዚያ በ61 ዓመቷ፣ የወር አበባዋ ከቆመ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ደም እንዳየች ተናገረች። ወይባ ታጥና ቆሞልኛል ብላ ነበር፤ ለእኔም አልነገረችኝም። ሐኪሟ አልተቆጣቻትም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም አንዲት ጠብታም ብትሆን መመርመር እንዳለባት ነግራት በዚያው ቀን አልትራሳውንድ አነሳቻት፤ ናሙና የሚወሰድበትንም ቀን ቆረጠችላት።

ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማታ ስገባ እናቴ የራሷን ፌስታል አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች።