ያለ ድምፅ ማጉረስ

ቢሾፍቱ ያደገ ሰው ጨለለቃን ያውቃል። ህዳር ላይ አጨዳው ሲያልቅ፣ ከሩሲያ በኩል የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች ማሳ ላይ የወዳደቀ እህል ይለቅማሉ። (ክሬን ስል የአዲስ አበባውን የግንባታ ብረት ማለቴ አይደለም። እግረ ረጅሙን ወፍ ሁሉ ሽመላ ብለን ስለምናልፍ ነው ይሄን ስም የመረጥኩት።) ልጅ ሆኜ ድንጋይ እወረውርባቸው ነበር። ሳድግ ደግሞ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ የዘመዶቻቸውን ጫጩቶች ላሳድግ ተቀጠርኩ።

የዊስኮንሲኖቹ ነጭ ናቸው። ሁፒንግ ክሬን ይባላሉ፤ ቁመታቸው ሜትር ከግማሽ ይደርሳል። በ1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የቀሩት ከ25 አይበልጡም ነበር። ዋናው መንጋ ከካናዳ ቴክሳስ የሚመላለስ ነው። አንድ ክፉ አውሎ ነፋስ ሁሉንም ሊጨርሳቸው ስለሚችል፣ በምሥራቅ በኩል ሌላ መንጋ ለመትከል ታሰበ። ችግሩ፣ ክሬን የስደት መንገዱን የሚማረው ከትልልቆቹ ነው። መሪ የሌለው ጫጩት የት እንደሚሄድ አያውቅም። በ2001 መሪዋ ትንሽ አውሮፕላን ሆነች። ጫጩቶቹ እዚያው ዊስኮንሲን ካለው ከኔሲዳ ረግረግ ተነስተው ተከትለዋት ፍሎሪዳ ገቡ፤ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በፀደይ ግን ማንም ሳይመራቸው ራሳቸው ተመለሱ። ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የሸፈተው።

እኔ የደረስኩት በ2013 ነው። የእኔ ጫጩቶች አውሮፕላን አልነበራቸውም። በጥቅምት ሆሪኮን በሚባል ሌላ የዊስኮንሲን ረግረግ ውስጥ ከትልልቅ ክሬኖች አጠገብ ይለቀቃሉ፤ ከእነሱ ጋር ተከትለው ይሄዳሉ ነው ሐሳቡ። እስከዚያ ማሳደግ የእኛ ሥራ ነው።

አለባበሳችን ጉድ ነው። ከላይ እስከ ታች ነጭ ካባ፣ ፊት ላይ መጋረጃ፣ ቀኝ እጅ ላይ የክሬን ራስ የመሰለ አሻንጉሊት። ጫጩት ከእንቁላል ወጥቶ የሚያየውን ሁሉ እናቴ ብሎ ስለሚይዝ፣ የሰው ፊት ማየት የለበትም። የሰው ድምፅም መስማት የለበትም። ጥሪው ከቴፕ ነው የሚመጣው። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ በ1970ዎቹ አይዳሆ ላይ እንቁላላቸውን ሌላ ዓይነት ክሬን ጎጆ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ጫጩቶቹ አደጉ፣ መሰደዱንም ተማሩ። ግን ራሳቸውን ከአሳዳጊዎቻቸው ቆጠሩ፤ የየራሳቸውን ዘር አግኝተው አልተጣመሩም።

አዲስ ጫጩት መብላት አያውቅም። በአሻንጉሊቱ ምንቃር ትል ታነሳና አፉ ጋ ታደርሳለህ። ጉርሻ ማለት ነው! እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ማጉረስ አልተማርኩም። እናቴ «በሞቴ» ሳትል አንድ ሰው አጉርሳ አታውቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ምላሴን ነክሼ ነው የዋልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አመለጠኝ። አንዷ ጫጩት ስትሮጥ እግሯ ተጠላልፎ በአፍጢሟ ተደፋች። «እኔን!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ጫጩቷ ቀና ብላ መጋረጃዬን አየችው። አለቃዬ ከአጥሩ ውጭ ሰምታኛለች። ለሁለት ቀን በረት እንዳልገባ ተደረገ፤ ሰሃን አጠብኩ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን እኔ ብሆን ሳምንት አደርገው ነበር።

ሌላው ጥፋቴ ማብላቱ ነው። የጠገበ ልጅ ጤነኛ ነው ብዬ ነዋ ያደግኩት። እነዚህ ጫጩቶች ግን በቀን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያድጋሉ፤ ሰውነታቸው እግራቸውን ከቀደመው እግራቸው ይጣመማል። ስለዚህ በየጠዋቱ ይመዘናሉ፤ ክብደቱ የፈጠነበት ይራመዳል፣ ይዋኛል። አንዱን እኔ በሰጠሁት ትርፍ ትል ምክንያት ለአሥር ቀን ገንዳ ውስጥ ሳዋኘው ከረምኩ። በዚያ ላይ ይጣላሉ። ወንድማማች አይባባሉም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ትተህ ዞር ካልክ ይቆሳሰላሉ።

ሌሊት ውኃ ውስጥ ቆመው እንዲያድሩም እናለማምዳቸዋለን። ደረቅ ላይ ያደረ ለኮዮቴ፣ ለዚያ ቀበሮ መሰል አውሬ፣ እራት ነው። ውኃም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ በ2007 ፍሎሪዳ ላይ ማዕበል በአንድ ሌሊት ከ18 ወጣት ክሬኖች 17ቱን ገድሏል።

በጥቅምት ለቀቅናቸው። የወደቀችዋ በሚያዝያ ተመለሰች። የእግሯን ቀለበት ቀለም በመነጽር አየሁና ከመኪናው ወረድኩ፤ ያለ ካባ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ እያለሁ ተነስታ በረረች። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ለባለቤቴ ስነግራት «ልጅ አሳድገህ ኮበለለብህ በለኛ» ብላ ሳቀችብኝ።

ግን ጉዳዩ በዚህ አላለቀም። በካባ ያደጉት ይሰደዳሉ፣ ይጣመራሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ። ጫጩት አሳድጎ ለክንፍ ማብቃት ላይ ነው የከበዳቸው። ኔሲዳ ላይ ጥቁር ዝንብ ከጎጆ እያስነሳቸው እንቁላላቸውን ትተው እንዲሄዱ ያደርጋቸው ነበር፤ ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው የእኛው አስተዳደግ ሊሆን ይችላል ተባለ። እናትን የሚተካ ጨርቅ ለካ ሁሉን አያስተምርም። በ2016 መጀመሪያ የአውሮፕላኑ ጉዞ እንዲቆም ሲወሰንም የተነሳው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ የሰው እጅ በዛ።

ስለዚህ አሁን እኔ ጋ የሚፈለፈሉትን የሚያሳድጉት በረት ውስጥ ያሉ እውነተኛ ጥንዶች ናቸው። ሥራዬ ባልዲውን አስገብቶ መውጣት ነው። አጥሩ ላይ ቀዳዳ አለች፤ አንዳንዴ ቆሜ አያለሁ። እናቲቱ ትሉን ታነሳለች፣ ትሰባብረዋለች፣ ጫጩቷ እስክትቀበላት ምንቃሯን ዝቅ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔ ትሉን ሳልሰባብር ነበር የምሰጠው።