ስለ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ኤሴይ ልትጽፉ ከሆነ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ የእንግሊዝኛ ክላስ ከወሰዳችሁ፣ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ሊመጣባችሁ ይችላል፦ አንድ የቆየ የሮክ ዘፈን ምረጡ፣ የግጥሙን ትርጉም ተንትኑ። ሲያዩት ቀላል ነው። ከእኔ በፊት ያለፈበት አንድ አበሻ አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ግን ያን ሁሉ ንዴት አልናደድም ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ዘፈን መምረጥ ላይ ጊዜ አትፍጁ። እኔ የአሜሪካኑን የሮክ ባንድ የኢግልስን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ያዝኩ። አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ የሚጫወት ባንድ ሰምታችሁ ከሆነ ይህን ዘፈንም ሰምታችሁታል። ግጥሙን ከኢንተርኔት ካወረዳችሁ ዘፈኑን እየሰማችሁ አርሙት፤ የግጥም ድረ ገጾች አንዱ የሌላውን ስህተት ነው የሚገለብጡት። የገጽ አቀማመጥና የምንጭ አጻጻፍ ዩቲዩብ ላይ አለ። ይኸው ነው።

መከራው የጀመረው «ትርጉሙ ምንድነው?» የሚለው ላይ ነው።

ኮሌጃችን ድርሰት የሚያግዙ ቱተሮች የተቀመጡበት ቢሮ አለው። ፕሮፌሰሯ ራሷ «ወደዚያ ሂዱ» ብላ ላከችን። ቱተሩ ጥሩ ልጅ ነው፣ ፈገግታውም አይጠፋም። ያለኝ ግን ይህን ነው፦ መጀመሪያ ሪሰርች አድርግ፣ ደራሲዎቹ ስለ ዘፈኑ ምን እንዳሉ ፈልግ፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቴሲስህን፣ ማለትም ዋና ሐሳብህን፣ አውጣ፣ የራስህን ስሜት እንዳታስገባ። ቢሮው የሚያድለው ወረቀትም ላይ ይኸው ተጽፏል። እሺ ብዬ ገባሁበት።

ሪሰርቹ ራሱ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። አልበሙ የወጣው በዲሴምበር 1976 ነው። ዜማውን የጀመረው ጊታሪስቱ ዶን ፌልደር፣ ማሊቡ ባሕር ዳር በተከራየው ቤት ሆኖ ነው። ግጥሙ በአብዛኛው የባንዱ አባል የዶን ሄንሊ ነው፤ ሌላው አባል ግሌን ፍሬይም አለበት። በ1978 የዓመቱ ምርጥ ሪከርድ ተብሎ ግራሚ ወሰደ።

«ምን ማለት ነው?» ሲባሉስ? ሄንሊ አንዴ ስለ አሜሪካ ሕልም ጨለማ ጎን ነው ይላል። ሌላ ጊዜ ከየዋህነት ወደ ልምድ የሚደረግ ጉዞ ነው ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሎስ አንጀለስን የድሎት ኑሮ እኛ ያየንበት መንገድ ነው። ፍሬይን ከሰማችሁ ነገሩ ወደ ፊልም ይሄዳል፦ ደክሞት በረሃ ላይ የሚነዳ ሰው፣ ከዚያ አንድ ትዕይንት፣ ከዚያ ሌላ ትዕይንት። አብረው የጻፉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ከዚህ ውስጥ የትኛው ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባው?

በዚህ ላይ የሰይጣኑ ወሬ አለ። አዲስ አበባ እያለሁ «የሰይጣን ዘፈን ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ስመጣ ወሬው የአሜሪካኖችም ሆኖ አገኘሁት። አንቶን ላቬይ በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን የሚባለውን መሥርቷል፤ ሆቴሉ ያ ቤተ ክርስቲያን ነው ይላሉ። የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ሕንፃ ግን ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ ያለው ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው። ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የወሬው ዋና ማስረጃ ግጥሙ ውስጥ አውሬውን በቢላ የሚወጉበት ቦታ ነው። ፍሬይ ግን እዚያ ቢላውን «ብረታማ» ያሉት ለስቲሊ ዳን ባንድ ሰላምታ እንደሆነ ተናግሯል፤ እነሱ በአንድ ዘፈናቸው ኢግልስን ጠርተው ስለነበር። የሙዚቀኞች ቀልድ ተይዞ ስንት ስብከት ተሰበከበት!

ፌርፋክስ፣ የሎስ አንጀለሱ የአበሻ ሰፈር፣ ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ታዲያ ወርቁ ምንድነው?» የኛ ሰው እንዲህ ነው። በቅኔ ወርቁን ባለቅኔው ራሱ አስቦ ነው የሚያስቀምጠው፤ የቆፈረ ያገኘዋል። ይህ ዘፈን እንደዚያ አልተሠራም። ማስረጃ ካስፈለገ፣ የዚያ አልበም ግጥሞች ረቂቅ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። 100 ገጽ ገደማ የሄንሊ የእጅ ጽሑፍ ተሰርቋል ተብሎ ሦስት ሰዎች ተከሰሱ፤ ማርች 2024 ላይ ችሎቱ ተጀምሮ ሳለ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሳ። ለአንድ አልበም ያን ያህል ገጽ የጻፈና የሰረዘ ሰው «ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር» ቢላችሁ ታምኑታላችሁ?

የሆነ ሆኖ ቱተሩ እንዳለኝ ጻፍኩ። ሄንሊ እንዲህ አለ፣ ፍሬይ እንዲያ አለ፣ ስለዚህ ትርጉሙ የአሜሪካ ሕልም ጨለማ ጎን ነው። ምንጩ ሁሉ በሥርዓቱ ተጠቅሷል። ቱተሩ አይቶ «በጣም ጥሩ» አለኝ።

ወረቀቱ ሲመለስ ሲ ተጽፎበታል። ከሥሩ በፕሮፌሰሯ እጅ፦ «ይህ ዘገባ ነው፣ ትንታኔ የት አለ?»

አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ሕንፃ። አንዱ ፎቅ ላይ የታዘዝኩት ሌላው ፎቅ ላይ ያስቀጣኛል። በቢሮ ሰዓቷ ሄጄ የቱተሮቹን ወረቀት አሳየኋት። አየችውና «እሱ አጠቃላይ መመሪያ ነው» አለች። ታዲያ ለምን ላክሽን? መልስ የለም። ደራሲው ምን አለ የሚለውን ተወው፣ ግጥሙን ብቻ ያዝ አለችኝ። ጥሩ፣ ሙዚቃውስ? «የቤት ሥራው ግጥም ነው የሚለው።» ባንዱ አባላት ከሌላ ቦታ የመጡ መሆናቸውስ? ሄንሊ ከቴክሳስ፣ ፍሬይ ከዲትሮይት፣ ፌልደር ከፍሎሪዳ፣ ሬንዲ ማይዝነር ከኔብራስካ፤ ስሙ ካሊፎርኒያ ይሁን እንጂ ዘፈኑ ሲቀዳ ባንዱ ውስጥ የካሊፎርኒያ ልጅ አልነበረም። «ግጥሙ ውስጥ ስደት የሚል የለም» ብላ ሰዓቷን አየች። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ዘፈን በጆሮ ነው የሚገባው። ሙዚቃውን አውጥቶ ቃሉን ብቻ የሚመረምር ሰው ምን እየመረመረ እንደሆነ አላውቅም።

አስተካክሎ ማስገባት ስለሚፈቀድ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልሰማሁም። የምሠራው ኤርፖርት አካባቢ ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው፣ ናይት ሺፍት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ሰው አይመጣም። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ግጥሙን እንደ ባለሙያ አነበብኩት፤ ሆቴል ነዋ!

መጀመሪያ የጠየቅኩት ማን እንደሚናገር ነው። ይህን ጥያቄ ማንም አላስተማረኝም፤ ከሁሉ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። በር ላይ ሻማ ይዛ የምትቀበል ሴት አለች። በኮሪደሩ «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉ ድምፆች አሉ። ወይን ሲታዘዝ የሚመልሰው ካፕቴኑ አለ፤ አንዳንዱ የመርከብ አዛዥ ያደርገዋል፣ ሆቴል የሠራ ግን የአስተናጋጆች አለቃ እንደሆነ ያውቃል። ካፕቴኑ ያ «ስፒሪት» እዚህ ከ1969 ወዲህ የለም ይላል፤ ቃሉ መጠጥም መንፈስም ማለት ነው። 1969 ዉድስቶክ የሚባለው ትልቁ የሙዚቃ ፌስቲቫል የተካሄደበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቻርልስ ማንሰን የሚባል ሰው ተከታዮች ከቤቨርሊ ሂልስ በላይ ባለው ሸለቆ ውስጥ ሰው ገደሉ። ዲሴምበር ላይ አልታሞንት ኮንሰርት ላይ ሰው ተወግቶ ሞተ። ተስፋውም ማብቂያውም በአንድ ዓመት ውስጥ አለ። ግጥሙ ይህን አያብራራም፤ ዓመቱን ጠርቶ ያልፋል።

መጨረሻ የሚናገረው የሌሊቱ ሰው ነው። የእኔ የሥራ ባልደረባ ማለት ነው። እንግዳው ወደ መጣበት የሚመልሰውን መንገድ እየፈለገ ወደ በሩ ይሮጣል። የሌሊቱ ሰው ተረጋጋ ይለዋል። የእኛ ሥራ መቀበል ነው፤ ቼክ አውት በፈለግህ ሰዓት ትችላለህ፣ መሄድ ግን የለም። ብዙ ማብራሪያዎች ይህን እንደ ዛቻ ያነቡታል። እኔ እንደዚያ አይሰማኝም። ማንም በር አልቆለፈም። ማንም አልያዘውም። እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብሎ እዚያው ያለች ሴት ሁላችንም ራሳችን በሠራነው ነገር ታስረናል ብላዋለች። እኔ ሎቢ ውስጥ በየሳምንቱ የማየው ነው፤ ሒሳቡን ዘግቶ፣ ቁልፉን መልሶ፣ ሻንጣውን አጠገቡ አቁሞ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው። የሚሄድበት ጠፍቶት አይደለም። አይነሳም ብቻ።

እንግዲህ ይህ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ዘፈን ነው አልኩ። «አምስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሎስ አንጀለስ የገባን አበሻ ጠይቁት፣ ያለ ፕሮፌሰር ይተነትንላችኋል።

ሙዚቃውንም አስገባሁት፣ እያወቅኩ። ከሌሊቱ ሰው ቃል በኋላ ግጥም የለም። አዝማቹ እንኳን አይመለስም። ፌልደርና ሌላው የባንዱ ጊታሪስት ጆ ዎልሽ በጊታር ይቀባበላሉ፣ መጨረሻ ላይ አብረው ይሄዳሉ። ከሥር የሚዞሩት ስምንቱ ኮርዶች ስንኞቹ የተዘፈኑባቸው ናቸው፤ ስምንተኛው ወደ መጀመሪያው ይጎትታል። ቀለበት መንገድ ላይ መውጫ እንደጠፋበት ሹፌር ይዞራል፣ ይዞራል። ከዚያ አይዘጋም፤ እየቀነሰ ይጠፋል። ዘፈኑ ስድስት ደቂቃ ተኩል ስለሆነ ኩባንያው ለሬዲዮ ይጠር ብሎ ነበር፣ ባንዱ እምቢ አለ። መሄድ የለም ያለውን ጊታሮቹ ያሳያሉ። ይህን ክፍል ብታወጡብኝ ትንታኔው ግማሽ ነው።

ቢ ፕላስ ሰጠችኝ። የሌሊቱ ሰው ላይ «ግሩም» የሚል አለ። የሙዚቃው ክፍል ላይ «ከርዕሱ ውጭ» ብላ ቀይ መስመር አስምራበታለች። መስመሩ ያለበትን ገጽ አስቀምጬዋለሁ። ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

እናንተ ስትጽፉ የቱተሮቹን ወረቀት ገልብጡት። መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚናገር ለዩ፣ የራሳችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ነው የደራሲውን ቃለ መጠይቅ የምታነቡት። ደራሲው ካልተስማማ ሁለት አንቀጽ ስጡት፣ ቴሲሳችሁን ግን አትስጡት። የምትሰሙት የ1976ቱን ቅጂ ይሁን። የ1994ቱ የመድረክ ቅጂ ያምራል፣ ግን በጭብጨባ ነው የሚያልቅ፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሲላበሱን፣ የትምህርቱን መመሪያ ወረቀት፣ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አስተካክሎ ማስገባት ይፈቀዳል የሚለው የእኛ ላይ የተጻፈው መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። ክላስ ውስጥ ማንም አላነሳውም፤ አጠገቤ የነበረች ልጅ በሲዋ ሄደች።